የውኃ ፓምፕዎ የሚስበው ከማን ነው?

አዳማ ውስጥ ከግንባታ ዕቃ መሸጫ ሱቆች ደጃፍ ከሚደረደሩት ዕቃዎች መካከል ሁለቱ ገዢ አያጡም። አንደኛው በተለምዶ «ሮቶ» የምንለው የፕላስቲክ የውኃ ታንከር ነው። ሁለተኛው በአንድ እጅ የሚነሳ፣ ብዙ ሰው «ዲናሞ» ብሎ የሚጠራው አነስተኛ የውኃ ፓምፕ ነው። ታንከሩ ቦታ ይፈልጋል፤ መቆሚያ ይፈልጋል፤ የሚጭነው መኪና ይፈልጋል። ፓምፑ ግን ባጃጅ ላይ ተቀምጦ ይሄዳል። ቧንቧ ሠራተኛው ከቆጣሪው ጎን በግማሽ ቀን ገጥሞት ሒሳቡን ይቀበላል። ማታ የመታጠቢያ ቤቱ ውኃ እንደ ድሮው ሲወርድ የቤቱ ሰው ሁሉ ደስ ይለዋል። ያ ውኃ ከየት እንደመጣ የሚጠይቅ ግን የለም።

እኔ የተማርኩት ሕግ እንጂ ምሕንድስና አይደለም። ይሁንና ለዚህ ጉዳይ የሚያስፈልገው ምሕንድስና የስምንተኛ ክፍል ፊዚክስ ነው፤ የሚያስፈልገው ሕግ ደግሞ ከሁለትና ከሦስት አንቀጾች አይበልጥም። ሁለቱንም የማያውቅ ሰው ገንዘቡን ከፍሎ ጎረቤቱን ሲጎዳ፣ አንዳንዴም የራሱን ልጆች ሲያሳምም ይታያልና ነገሩን ዘርዘር አድርጎ ማየት ይጠቅማል።

ከግፊት እንጀምር። ውኃን ከፍ አድርገው ካስቀመጡት በራሱ ክብደት ወደ ታች ይጫናል። አሥር ሜትር ከፍታ ያለው ውኃ በግርጌው ላይ አንድ ባር ገደማ ግፊት ይፈጥራል። የከተማ ውኃ አሠራርም በዚህ ላይ የቆመ ነው፤ ውኃው ከፍ ባለ ቦታ ባለ ማጠራቀሚያ ይሞላል፤ ከዚያ ቁልቁል ወደየቤቱ ይወርዳል። የአዳማ ውኃ ዋና ምንጭ የአዋሽ ወንዝ ነው። ወንዙ ከከተማዋ ዝቅ ብሎ ስለሚሄድ ውኃው ከተጣራ በኋላ በፓምፕ ተገፍቶ ሽቅብ መውጣት አለበት። ስለዚህ መብራት ሲጠፋ የሚጨልመው ቤታችን ብቻ አይደለም፤ ውኃችንን ሽቅብ የሚገፋው ፓምፕም ይቆማል። ከዚያ በኋላ ማጠራቀሚያው እየጎደለ ይሄዳል። ግፊቱም በመጀመሪያ የሚከዳው ከፍ ባለ ቦታ የተሠራውን ቤትና በመስመሩ ጫፍ ላይ ያለውን ቤት ነው። አዳማ ዙሪያዋን በጉብታዎች የተከበበች ከተማ ናት። ሜዳው ሲጠብ ቤቶች ወደ ዳገቱ ወጥተዋል፤ ቧንቧውም ተከትሏቸው ወጥቷል።

ግፊትና መጠን ግን አንድ አይደሉም። ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያጠፋው እዚህ ላይ ነው። በፈረቃ ውኃ የሚያገኝ ቤት ችግሩ የግፊት ማነስ አይደለም፤ የውኃ አለመኖር ነው። የሌለን ውኃ ፓምፕ አይፈጥረውም። ውኃው እያለ ቀጭን ሆኖ ከመጣ ደግሞ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ከግቢው ውጭ ሳይሆን ከግቢው ውስጥ ይገኛል።

ስለዚህ ሱቅ ከመሄድዎ በፊት አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይያዙ። በቤት ውስጥ ያሉትን ቧንቧዎች በሙሉ ዘግተው ከቆጣሪው ቀጥሎ ካለው የግቢ ቧንቧ ይሙሉት፤ የፈጀውን ጊዜም በሰዓት ይለኩ። ቀጥሎ ያንኑ ጀሪካን ከወጥ ቤቱ ቧንቧ ይሙሉት። ግቢው ላይ በአንድ ደቂቃ ተኩል የሞላ ጀሪካን ወጥ ቤት ውስጥ አምስት ደቂቃ ከፈጀ ጥፋቱ የከተማው አይደለም፤ የቤትዎ መስመር ነው። ሃያና ሠላሳ ዓመት ያስቆጠረ የብረት ቧንቧ ውስጡ በዝገትና በቅርፊት ተሞልቶ እርሳስ የማያስገባ እስኪሆን ይጠባል። እዚያ ላይ ፓምፕ መግጠም የዛገውን መጋጠሚያ ማፈንዳት ነው። መፍትሔው ቧንቧውን መለወጥ ሲሆን፣ ዛሬ ብዙዎች የሚጠቀሙበት በሙቀት የሚበየደው የፕላስቲክ ቧንቧ አይዝግም። አንዳንዴ ነገሩ ከዚህም ያነሰ ነው። ከቆጣሪው መግቢያ ላይ ያለችው ትንሽ ወንፊት በአሸዋ ትደፈናለች፤ ወይም ባለፈው ዓመት ለጥገና የተዘጋ መዝጊያ ግማሽ ብቻ ተከፍቶ ይረሳል። የሻወሩም ቀዳዳዎች በነጭ ደለል ይዘጋሉ። የቆጣሪውን ማሸጊያ ግን ራስዎ አይንኩት፤ የተቋሙን ሠራተኛ ይጥሩ።

በተለያየ ሰዓት መለካትም አይዘንጋ። ጠዋት 1፡00 ሰዓት ላይ ቀጭን የሆነው ውኃ ሌሊት 8፡00 ሰዓት ላይ ሞልቶ የሚወርድ ከሆነ መስመሩ ጤነኛ ነው፤ ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ስለሚከፍት ነው። ይህ ትልቅ መረጃ ነው፤ ከታች እመለስበታለሁ።

አሁን ከቆጣሪው ጎን ወደተገጠመው ፓምፕ እንምጣ። በአንድ መስመር ላይ ያሉ አሥር ቤቶችን እናስብ። ሦስተኛው ቤት ፓምፕ ገጠመ። ፓምፑ ከመስመሩ ላይ ይስባል፤ እሱ ባለበት ቦታ ግፊቱ ይወድቃል፤ ከእሱ በኋላ ያሉት ሰባት ቤቶች ቀድሞ ያገኙት የነበረውን ያጣሉ። አራተኛው ቤት ምክንያቱን ሳያውቅ «ውኃው ደክሟል» ብሎ እሱም ይገዛል። ስድስተኛው የሦስተኛውን አይቶ ጉልበቱ የሚበልጠውን ይገዛል። በዓመቱ ከአሥሩ ቤቶች ስምንቱ ፓምፕ አላቸው። መንደሩ ውስጥ የሚገባው ውኃ ግን በፊት ከነበረው እምብዛም አልጨመረም። የጨመረው የመብራት ሒሳብ ነው። ፓምፕ መግዛት ያልቻሉት ሁለቱ ቤቶች፣ ብዙ ጊዜም ጡረተኛ ወይም ተከራይ የሚኖርባቸው ናቸው፣ ጀሪካን ይዘው በጋሪ የሚመጣ ውኃ ይገዛሉ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል እያልን ያደግን ሰዎች የጎረቤታችንን ውኃ በመብራት እየሳብን ነው ማለት ነው።

የጎረቤት ነገር የማያሳስበው ሰው ቢኖር እንኳ ስለራሱ ማንቁርት ይስማ። በመስመሩ ውስጥ ግፊት እስካለ ድረስ ቧንቧው ቢሰነጠቅ ውኃ ወደ ውጭ ይወጣል እንጂ ከውጭ ወደ ውስጥ የሚገባ ነገር የለም። ፓምፑ የመስመሩ አቅም ከሚሰጠው በላይ ሲስብ ግን በቧንቧው ውስጥ ያለው ግፊት ከከባቢ አየር ግፊት በታች ይወርዳል። ያን ጊዜ በየመጋጠሚያውና በየስንጥቁ ከውጭ ያለውን ይጠባል። ከውጭ ያለው ምንድን ነው? በብዙ ሰፈሮቻችን የውኃ ቧንቧው የሚያልፈው ከመጸዳጃ ጉድጓድና ከፍሳሽ ቦይ አጠገብ ነው። ውኃ በፈረቃ በሚሰጥበት ከተማ መስመሩ ባዶ ሆኖ በሚውልበት ሰዓት ይህ አደጋ አስቀድሞ አለ፤ ፓምፑ ያባብሰዋል። ደለል የቀላቀለና የሸተተ ውኃ ሲመጣ ሁላችንም ጣታችንን ወደ ውኃ አገልግሎቱ እንቀስራለን። አንዳንዴ እውነት ነው። አንዳንዴ ደግሞ ጥፋተኛው ከአጥር ወዲያ የሚያጓራው ሞተር ነው።

ለዚህ ነው የሌሎች አገር ከተሞችም ነገሩን በቀላሉ የማያዩት። በሕንድ የሃይደራባድ ከተማ የውኃ ቦርድ እ.ኤ.አ. በ2025 ከመስመር ላይ በቀጥታ የሚስቡ ሞተሮችን ቤት ለቤት እየዞረ የሚወርስበት ዘመቻ ከፍቶ ነበር።

የእኛ ሕግስ ምን ይላል? በመጀመሪያ የደንበኝነት ውልዎን ከመሳቢያው አውጥተው ያንብቡት። ሲፈርሙት ያነበቡት አይመስለኝም፤ ማንም አያነበውም። ከመስመር ላይ በቀጥታ ስለመሳብ፣ ከቆጣሪ በፊትና በኋላ ስለሚሠራ ሥራ የተጻፈ ነገር ካለ ግዴታዎ ነው፤ ጥሰቱም አገልግሎት እስከማቋረጥ ሊያደርስ ይችላል። ከቆጣሪው በፊት መግጠም ደግሞ ጭቅጭቅ የማያስፈልገው ስርቆት ነው።

ከውሉ ባሻገር በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አለ። ቁጥር 1225 ባለሀብት በንብረቱ ሲጠቀም በጎረቤቱ ላይ ጉዳት ወይም ሁከት እንዳያደርስ ይከለክላል፤ በንዑስ ቁጥር 2 ላይም ከመልካም ጉርብትና ልክ ያለፈ ጭስን፣ መጥፎ ሽታን፣ ድምፅንና መነዋወጥን ይጠቅሳል። ሌሊት 10፡00 ሰዓት ላይ ከጎረቤት መኝታ ቤት ግድግዳ ጋር ተጠግቶ የሚጮህ ፓምፕ በዚህ ሥር እንደሚወድቅ ለማስረዳት ጠበቃ መሆን አያስፈልግም። ቁጥር 1228 ደግሞ ውኃ በቅድሚያ ለማኅበረሰቡ ጥቅም የሚውል መሆኑን ይደነግጋል። በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ እንዲክስ የሚያስገድደው ቁጥር 2028ም አለ። ከዚያ በኋላ የወጣው የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 በአንቀጽ 7 ለቤት ፍጆታ የሚውል ውኃ ከሌላው አገልግሎት ሁሉ እንዲቀድም አድርጓል። ሆቴሉና የመኪና እጥበቱ ከቤቶች ጋር በአንድ መስመር ላይ በትልልቅ ፓምፕ ሲሻሙ ይህን አንቀጽ ማስታወስ አይከፋም።

እርግጥ ነው፣ በዚህ ጉዳይ ጎረቤቱን ፍርድ ቤት ያቆመ ሰው እንደሚጠቀም ለመናገር አልደፍርም። ማስረጃው ከባድ ነው፤ ከጎረቤት ጋር ተካሶ አብሮ መኖርም ከባድ ነው። መንግሥታችንም ቢሆን በዚህ ረገድ ቸኩሎ አያውቅም፤ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2010 ንጹሕ ውኃ ሰብዓዊ መብት ነው ብሎ ሲወስን ኢትዮጵያ ድምፀ ተዓቅቦ ካደረጉት 41 አገሮች አንዷ ነበረች። ሕጉን የጠቀስኩት ሰው «በገዛ ቆጣሪዬ፣ በገዛ መብራቴ» እያለ መብት ያለው ስለሚመስለው ነው። የለውም።

እንግዲህ ፓምፕ አይግዙ ማለቴ ነው? አይደለም። ፓምፕ ቦታውን ካወቀ ጥሩ አገልጋይ ነው። ቦታውም ከራስዎ ታንከር በኋላ ነው።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። ከቆጣሪው የሚመጣው ውኃ ያለምንም ሞተር በራሱ ግፊት መሬት ላይ ወደተቀመጠ ታንከር ይገባል። መግቢያው ላይ ሲሞላ የሚዘጋ ተንሳፋፊ ኳስ ያለው መዝጊያ ይገጠማል። መሬት ላይ ያለ ታንከር ለመሙላት ብዙ ግፊት አይፈልግም፤ ሌሊት ሰው ሁሉ ሲተኛ ቀስ እያለ ይሞላል። ቀደም ሲል በጀሪካን የለካነው የሌሊት ውኃ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። ፓምፑ ከዚህ ታንከር ስቦ ወደ ቤቱ ይገፋል። ከመስመሩ አንዲት ጠብታ አይነጥቅም፤ ከታንከሩ በታች ያለው የከተማ ቧንቧ ስለ ፓምፑ የሚያውቀው ነገር የለም። ግፊት ባለ ቀን ውኃው ታንከሩን ዘልሎ በቀጥታ ቤት እንዲገባ የሚፈልግ ሰው ማለፊያ መስመር ሊያሠራ ይችላል፤ ያን ጊዜ የታንከሩ ውኃ ወደ ከተማው መስመር እንዳይመለስ ቼክ ቫልቭ የግድ ነው።

ታንከሩ ምን ያህል ይሁን? አምስት ሰው ያለበት ቤት ለአንድ ሰው በቀን 60 ሊትር ብንይዝ በቀን 300 ሊትር ይጠቀማል። ውኃ በሦስት ቀን አንዴ የሚመጣ ከሆነ 900 ሊትር ነው፤ ባለ 1,000 ሊትሩ ይበቃል ማለት ነው። ጣሪያ ላይ ለማውጣት ሲያስቡ ግን 1,000 ሊትር ውኃ አንድ ቶን መሆኑን አይርሱ። ጣሪያውን የሠራው አናጺ አንድ ቶን አስቦ አልሠራውም።

ጣሪያ ላይ የወጣ ታንከር ሌላም የሚያሳስት ነገር አለው። ሰው «ከፍ አድርጌዋለሁ፣ ግፊት አለው» ይላል። የታንከሩ ግርጌ ከሻወሩ በላይ ሁለት ሜትር ብቻ ከሆነ ያለው ግፊት 0.2 ባር ነው። ብዙ የሻወር ማሞቂያዎች በዚህ አይበሩም። ምድር ቤት ላለው ቧንቧ ይበቃል፤ ለላይኛው ፎቅ አይበቃም። እንዲህ ላለው ቤት ከጣሪያው ታንከር መውጫ ላይ ትንሽ ግፊት መጨመሪያ መግጠም ትክክለኛ መፍትሔ ነው። እኔ በግሌ የምመርጠው ግን ሁለት ታንከር ነው፤ አንዱ መሬት ላይ፣ አንዱ ከፍ ባለ ማማ ላይ። ፓምፑ በቀን አንዴ ከታች ወደ ላይ ሞልቶ ያርፋል፤ መብራት ቢጠፋም ከላይ ያለው ውኃ በራሱ ይወርዳል። ቧንቧ በተከፈተ ቁጥር የሚነሳው አውቶማቲክ ፓምፕ ያማረ ነገር ነው፤ መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ግን ብቻውን አይታመንም።

ስለ ፓምፑ አቅም ሻጮች የሚሉትን በጥንቃቄ ይስሙ። በገበያ ላይ በብዛት ያለው የግማሽ ፈረስ ጉልበት፣ ማለትም የ0.37 ኪሎ ዋት ፓምፕ ነው። በጎኑ ላይ የተለጠፈው ሰሌዳ 35 ሜትር ከፍታና በደቂቃ 35 ሊትር የሚል ዓይነት ቁጥር ይኖረዋል። ሻጩ ሁለቱን አንድ ላይ አድርጎ ያነብልዎታል። ሁለቱ ግን በአንድ ጊዜ አይገኙም። 35 ሜትር በሚገፋበት ጊዜ የሚወጣው ውኃ ዜሮ ነው፤ 35 ሊትር በሚያወጣበት ጊዜ ደግሞ የሚገፋው ከፍታ ከዜሮ እምብዛም አይርቅም። የእርስዎ ቤት መሐል ላይ ነው። ለባለ አንድ ፎቅ ቤት ይህ ትንሹ ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ በቀን አንድ ሰዓት ቢሠራም በወር 11 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ነው የሚፈጀው። ባለ አንድ ወይም ሁለት ፈረስ ጉልበቱን የሚያስገዛው ፍላጎት ሳይሆን ፉክክር ነው።

ታንከሩ ከመሬት በታች የተቀበረ ከሆነ ሌላ ስሌት አለ። ፓምፕ ውኃን ወደ ላይ «የሚጎትተው» የከባቢ አየር ግፊት ከታች ስለሚገፋለት ነው። በባሕር ወለል ላይ ይህ ግፊት በንድፈ ሐሳብ ከአሥር ሜትር በላይ ውኃ ያነሳል። አዳማ ግን ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ልኩ ወደ ስምንት ሜትር ተኩል ይወርዳል፤ በተግባር ደግሞ ከስድስት ሜትር በላይ መተማመን አይገባም። ለባሕር ጠረፍ አገር የተጻፈው የፓምፑ መመሪያ ይህን አይነግርዎትም። ስለዚህ ፓምፑን ከውኃው አጠገብ፣ ቢቻል ከውኃው ዝቅ አድርገው ያስቀምጡት።

ፓምፕ የሚገድለው ድርቀት ነው። ታንከሩ ባዶ ሆኖ ሞተሩ ሲዞር ማቀዝቀዣው ውኃ ስለሆነ በደቂቃዎች ውስጥ ማኅተሙ ይቀልጣል፤ ሲቀጥልም ይቃጠላል። ውኃው ከተወሰነ መጠን ሲወርድ ሞተሩን የሚያጠፋ ተንሳፋፊ ማጥፊያ ዋጋው ከፓምፑ ጋር የሚነጻጸር አይደለም፤ ያለ እሱ አይግጠሙ። የኤሌክትሪኩ ኃይል ሲወርድ ሞተሩ ብዙ ከረንት ስቦ ይግላል፤ መከላከያ ያስፈልገዋል። የመሬት መስመር የሌለው ፓምፕ ደግሞ እርጥብ ቦታ ላይ የተቀመጠ አደጋ ነው፤ በዚህ ላይ የሚቆጠብ ገንዘብ የለም። ታንከሩንም በዓመት ሁለቴ ያጥቡት፤ ክዳኑ ብርሃን አያስገባ፤ በቆመ ውኃ ውስጥ ክሎሪን እየጠፋ ስለሚሄድ።

በኮንዶሚኒየም የሚኖሩ አንባቢያን ነገሩ ከዚህ ይለያል። በአዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የሕንፃው የጋራ መገልገያ የጋራ ነው፤ አራተኛ ፎቅ ያለ ሰው ለብቻው ከጋራው ቧንቧ ላይ ሞተር መግጠሙ ከላይ የጠቀስኩትን የአሥር ቤት ታሪክ ሽቅብ ማቆም ነው። ምድር ላይ የጋራ ታንከርና የጋራ ፓምፕ በማኅበሩ በኩል ማሠራት ለእያንዳንዱ ቤት ከግል ፓምፕ ያነሰ ወጪ ያመጣል።

መስመሩን ተስፋ ቆርጠው ጉድጓድ ለማስቆፈር የሚያስቡም አሉ። በሌላ አገር ጥሩ ሐሳብ ይሆን ነበር። በስምጥ ሸለቆ ግን የከርሰ ምድር ውኃ ከእሳተ ገሞራ ዐለት ፍሎራይድ ይዞ ይመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ሲሆን በሸለቆው ውስጥ ከዚህ ብዙ እጥፍ የሚሆኑ ጉድጓዶች አሉ። ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ወንጂ ከአዳማ አሥር ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የስኳር ፋብሪካው በ1946 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ የጉድጓድ ውኃ ሲጠጡ የኖሩ ሠራተኞች ጥርሳቸው ቡናማ ሆነ፤ ከብዙ ዓመታት በኋላ አከርካሪያቸው ደርቆ መታጠፍ እስኪያቅታቸው ደረሱ። ነገሩን በሕክምና ጥናት ካስታወቁት መካከል የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ሬዳ ተክለሃይማኖት ይገኙበታል። ፍሎራይድ አይሸትም፣ አይቀምስም። ማፍላት አያስወግደውም፤ እንዲያውም ውኃው እየተነነ ሲሄድ ይበልጥ ያጠራቅመዋል። ውኃ አጋርም ሆነ ሌላ ክሎሪን አይነካውም። በማሽን ለማስቆፈር በአዋጅ 197/1992 ፈቃድ ያስፈልጋል፤ በእጅ ለሚቆፈር አያስፈልግም፤ በሁለቱም ግን ውኃውን ላቦራቶሪ ሳያስመረምሩ ለልጅ ማጠጣት አይገባም። ለመጸዳጃና ለአትክልት ይሁን፤ የሚጠጣው ከቧንቧው ይምጣ።

ቀድሞ ከቆጣሪው ጎን ፓምፕ ያስገጠመ ሰው መጣል አያስፈልገውም፤ ያንኑ ፓምፕ ነቅሎ ከታንከሩ በኋላ ማዞር ነው። ለመንደሩ ግን አንድ ሰው ብቻውን ቢያዞር አይበቃም። በመስመሩ ላይ ያሉት ጎረቤቶች አንድ እሑድ ተሰብስበው ሞተሮቻቸውን አጥፍተው ለአንድ ሳምንት በየቤታቸው የጀሪካኑን ደቂቃ ይመዝግቡ፤ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የቤቱን ቁጥር ጨምረው። ይህን ሰንጠረዥ ከማመልከቻ ጋር አያይዘው ለውኃ አገልግሎቱ በመዝገብ ቤት በኩል ቢያስገቡ የገቢ ቁጥር ይሰጣቸዋል። «ውኃ የለንም» ለሚል አቤቱታ «እየሠራንበት ነው» የሚል መልስ ይሰጣል። ከስድስተኛው ቤት በኋላ ጀሪካኑ ከሁለት ደቂቃ ወደ ዘጠኝ ደቂቃ እንደሚዘል የሚያሳይ ወረቀት ሲቀርብ ግን በስድስተኛውና በሰባተኛው ቤት መካከል የተሰበረ ቧንቧ ወይም የተዘጋ መዝጊያ መኖሩን መሐንዲሱ ከቢሮው ሳይነሳ ያያል።